ፒፓውን ለልጁ ማን ሰጠው?

በዚህ እትም ስለ አንድ ሥዕል ልናወጋችሁ ብዕራችንን አንሥተናል። «ለስደተኛ የሥዕል ወሬ ምን ይረባዋል? ዱቄት አይሆን፣ ዘይት አይሆን» የሚለን ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም ሥዕሉን መጀመሪያ ያየን ዕለት ያልነው ይህንኑ ነበር። ይሁን እንጂ ይኸው ሥዕል ሦስት መምህራን በሰው ፊት አንገታችንን እንድንደፋ አድርጎናልና፣ ኀፍረታችንን ሸሽገን ከምንቀመጥ ብናካፍላችሁ ይሻላል ብለናል።

«እኛ» ስንል በአንድ ሸራ ሥር የምናድር፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥተን ጠመኔ ስንጨብጥ የነበርን፣ ዕድሜያችን ሠላሳን አልፎ አርባን ያልነካ ሦስት ሰዎች ነን። ብዙዎቻችሁ ልጆቻችሁን በጭቃ ቤቱ ስናስተምር ታውቁናላችሁ።

ሥዕሉ የተገኘው እንዲህ ነው። በእርዳታ ከመጡት የመጻሕፍት ካርቶኖች ውስጥ ዓመቱ ያለፈበት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ወጣ። ቀኖቹ አርጅተዋል፤ ሥዕሎቹ ግን ቀለማቸው አልለቀቀም ነበር። ከአሥራ ሁለቱ ገጾች አሥራ አንዱን ልጆቹ ለደብተር መሸፈኛ ተካፈሏቸው። አንዱን እኛ አስቀረንና በጭቃው ግድግዳ ላይ በግራር እሾህ ሰካነው። ያስቀረነው የሥዕል ዕውቀት ኖሮን ሳይሆን ብዙ ሰው ስላለበት ነው። ለቋንቋ ትምህርት «ማን ምን ያደርጋል?» ብሎ ለመጠየቅ ይመቻል።

እስቲ እናንተም በዓይነ ልቡናችሁ እዩት። አንድ ቤተሰብ ማዕድ ከቦ ተቀምጧል። በስተፊት አንዲት ሴት ዘና ብላ ብርጭቆዋን ዘርግታለች፤ ከኋላ የቆመ ሰው ማንቆርቆሪያውን ከፍ አድርጎ ወይን ጠጅ ይቀዳላታል። አንዲት አሮጊት መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ሰክተው ከወረቀት እያነበቡ ያዜማሉ። አንድ አዛውንት አሉ፤ ጨቅላ የታቀፈች ሴትም አለች። በቀኝ በኩል አንድ ወጣት ከቆዳ አቅማዳ ጋር የተያያዘ ዋሽንት ይነፋል። ከላይ በስተግራ በቀቀን በማረፊያዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ከታች በስተቀኝ ውሻ አለ። ከሁሉ ይልቅ ዓይን የሚይዘው ግን ባርኔጣ የደፋ ሰውዬ ነው። ጥርሱ እስኪታይ እየሳቀ፣ ረጅም የሸክላ ፒፓ ለትንሽ ልጁ ያስጨብጠዋል። ልጁም እንደ ትልቅ ሰው ያጨሳል።

ልጆቹ ይህን ሥዕል ወደዱት። «ውሻው ምን ያደርጋል? አሮጊቷ ምን ያነባሉ?» እያልን ሁለት ሳምንት ሙሉ አስተማርንበት። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሠዓሊው በየመጽሐፉ ማሰስ የጀመርነው።

ሠዓሊው ያን ስቴን ይባላል። የሆላንድ ሰው ነው፤ በ1626 ገደማ በላይደን ከተማ ተወለደ (ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አባቱ ቢራ ጠማቂ ነበር። እሱም ከ1654 ጀምሮ በዴልፍት ከተማ ቢራ መጥመቂያ ይዞ ሞክሯል፤ አልቀናውም። ይህን ሥዕል የሠራው ከ1668 እስከ 1670 ባለው ጊዜ ገደማ ነው። ሸራው ቁመቱ 134፣ ወርዱ 163 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ በዘ ሄግ ከተማ ማውሪትስሃውስ በተባለው ሙዚየም ይገኛል።

ዘመኑ አውሮፓውያን ባሮክ የሚሉት ነው። በብዙው የአውሮፓ አገር ታላላቅ ሥዕሎች የሚሠሩት ለቤተ መንግሥትና ለቤተ ክርስቲያን ነበር። ሆላንድ ግን ከ1568 እስከ 1648 ከስፔን ነገሥታት ጋር ተዋግታ ነፃ የወጣች የነጋዴ አገር ነበረች። ዋነኛው ቤተ ክርስቲያኗም በግድግዳው ላይ ሥዕል አያኖርም ነበር። ስለዚህ ሠዓሊዎቿ ገበያቸውን በነጋዴውና በእጅ ባለሙያው ቤት አገኙ። ገዢውም የሚያውቀውን ኑሮ ማየት ወደደ፤ ካርታ የሚጫወቱትን፣ መሸታ ቤት የተቀመጡትን፣ በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱትን፣ በየቤቱ የሚያዜሙትን። ሰው ከሥራው ሲያርፍ ምን እንደሚመስል ከእነዚህ ሠዓሊዎች ሥራ በደንብ ይታያል።

ለብዙዎቻችን ሥዕል ሲባል በመጀመሪያ የሚታየን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። በጥንቱ የአገራችን ልማድ ጻድቁ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉው በጎን ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ተመልካቹ ከማን ጋር መቆም እንዳለበት አይቸገርም። ስቴን ግን እንዲህ ያለ ምልክት አልሰጠንም። በቤቱ ያለው ሁሉ ደስ ብሎታል፤ ሁሉም የሚዋደድ ይመስላል። እንግዲህ ከእነዚህ ውስጥ ክፉው የቱ ነው?

የሥዕሉ ቁልፍ አሮጊቷ በያዙት ወረቀት ላይ ነው። በሆላንዶች ዘንድ የታወቀ ተረት ተጽፎበታል፤ ፍሬ ነገሩ ትልልቆቹ እንዳዜሙ ትንንሾቹ ይነፋሉ የሚል ነው። በሆላንድኛ ዋሽንት መንፋትና የትምባሆ ፒፓ ከአንድ ቃል የሚመዘዙ ናቸው። ስለዚህ ሰሙ አቅማዳውን የሚነፋው ወጣት ሲሆን፣ ወርቁ ፒፓውን የሚያጨሰው ሕፃን ነው። ቅኔ በሚወደድበት አገር ላደገ ሰው ከዚህ በላይ ማብራራት አያሻም። በቀቀኗም ያለ ነገር አልተቀመጠችም፤ የሰማችውን መልሳ የምትናገር ወፍ ናት።

ይህን ባወቅን ጊዜ ደስታችን ወሰን አጣ። ደስ ያለን ግን ስለ ራሳችን አስበን አልነበረም። ሥዕሉን በሌላ ሰው ላይ የምንመዘው ጥሩ ዱላ ሆኖ አገኘነው።

እንደምታውቁት ከጭቃ ቤቱ አጠገብ ባለው ግራር ሥር ዳማና ካርታ የሚጫወቱ አባቶች አሉ። የዳማው ገበታ የዘይት ካርቶን ነው፤ ጠጠሮቹ የለስላሳ ቆርኪ ናቸው። የአንዱ ተጫዋች ቆርኪ በጀርባው፣ የሌላው በሆዱ ይደረደራል። አንዳንዴ በሳሙና ይወራረዳሉ። ልጆች ከበው ሲያዩ የትምህርት ሰዓት ያመልጣቸዋል። ነገሩ ሲያበግነን ከርሞ ነበርና «ይህ ሥዕል ለእነዚህ ሰዎች የተሣለ ነው» አልን።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሥዕሉን ከነእሾሁ ነቅለን ወደ ግራሩ ሄድን። አንዳችን ሥዕሉን ከፍ አድርጎ ያዘ፤ አንዳችን ተረቱን ተረጎመ፤ አንዳችን ደግሞ ስለ ትውልድ አደራ ንግግር አደረገ። በማሠልጠኛው ሳለን ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ እንኳ እንዲያ አሳምረን አልተናገርንም። ስንጨርስ ከተጫዋቾቹ አንዱ፣ ጥቁር ካፖርት የሚለብሱት አባት፣ ሥዕሉን ተቀበሉንና ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ቆዩ።

«እዚህ እየሳቀ ሕፃኑን ትምባሆ የሚያስጠጣው ማነው?» አሉን።

«ሠዓሊው ራሱ ነው አባባ። የገዛ መልኩን ነው የሣለው» አልናቸው።

«ሌላ ሰው አጥቶ ነው?»

ለዚህ መልስ አልነበረንም። አባባ ሥዕሉን መለሱልን፤ ቆርኪያቸውንም አንድ ቤት ገፉ። ከዚያም «እንግዲያው ይህ ሰው ከእናንተ ይሻላል፣ ልጆቼ። እሱ ሲወቅስ ከራሱ ጀምሯል። እናንተ ግን ሥዕሉን ይዛችሁ ስትመጡ ራሳችሁን ቤት አስቀምጣችሁ መጣችሁ» አሉን። የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። እኛ ግን «ያልተማረ ሰው ሥዕል አይገባውም» እየተባባልን ተመለስን። እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት ሥዕሉ የገባቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ የሆነውን አንዳንዶቻችሁ በዓይናችሁ አይታችኋል። የውሃው ቧንቧ ሊከፈት ሲል ጀሪካኖቹ እንደ ወትሮው ተሰልፈው ነበር። ከሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን አንዱ፣ ጨዋና ትጉህ ነው የምንለው ልጅ፣ የአንዲትን ልጅ ጀሪካን በእግሩ ገፍቶ ከሰልፉ አወጣው። ልጅቱ የመጣችው ከሌላ አካባቢ ከተሰደዱ ቤተሰቦች ነው፤ የቱ አካባቢ እንደሆነ መጻፍ በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነውና እንተወው። እስከዚያ ቀን ድረስ በአንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር፤ እርሳስ ይዋዋሱ ነበር። ልጁን ይዘን «ምን አደረገችህ?» ብንለው አላፈረም። እንደ ቃል ጥናት ቀጥ ብሎ ቆመና፦

«እዚህ ያደረሱን እነሱ ናቸው። ውሃ ቢጠሙ እንኳ አያሳዝኑኝም» አለን።

ልጅቱ አላለቀሰችም። ጀሪካኗን አንሥታ ከሰልፉ መጨረሻ ሄዳ አቆመች። በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ ያለውን ነገር መልመዷ ከልቅሶ ይልቅ ከበደን።

በዚያ ምሽት እንደ ልማዳችን ቡና ለመጠጣት ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘንድ ተሰበሰብን። ቡናው የሦስታችንና የእሳቸው ነው፤ ስኳር ያገኘ ስኳር ያመጣል፣ ከሰል ያገኘ ከሰል። ብዙ ጊዜ የሚመጡ ሌሎችም አሉ። በስደት ኑሮ ከዚያች ሰዓት የበለጠ ዕረፍት የለንም። ነገሩን አንሥተን «ይህን ያህል ክፉ ቃል ከየት ይማሩታል? መቼም ከግራሩ ሥር ነው» ስንባባል፣ እትዬ ጀበናውን አስቀምጠው ዝም ብለው አዩን።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ» አሉ ቀስ ብለው። «ከግራሩ ሥር ምን አስኬዳችሁ? ይህ ልጅ እኮ እዚህ ከኋላችሁ ተቀምጦ ንፍሮ ሲቅም ነው የሚያመሸው። ቃሉ የእናንተው ነው። በቀደም የተባለ ነው።»

ወዲያው ትዝ አለን። ባንድ ምሽት ስለ አገር ቤት ወሬ ደርሶን ተቃጥለን ነበር። ከሦስታችን አንዱ ያንኑ ቃል፣ አንዲት ፊደል ሳትጎድል፣ ተናገረው። «ውሃ ቢጠሙ እንኳ» ያለው ለንግግር ማሳመሪያ ነበር እንጂ ማንንም ውሃ ሊከለክል አስቦ አልነበረም። ልጁ ግን ንግግር ማሳመር ገና አልተማረም። ቃሉን እንዳለ ወሰደው፤ በቧንቧውም ላይ ሥራ ላይ አዋለው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለም?

ቃሉን የተናገረው ከሦስታችን የትኛው እንደሆነ እዚህ አንጽፍም። ለመሸፋፈን አይደለም። አንዱ ሲናገር ሁለታችን ስቀናል። በሳቃችን ቃሉ ጣፈጠ፤ የጣፈጠውንም ልጁ ቀመሰ። ስለዚህ «እኛ ተናገርነው» ማለት ትክክለኛው አነጋገር ነው።

በማሠልጠኛው ሳለን ልጅ ከሚነገረው ይልቅ የሚያየውን እንደሚማር ለፈተና ሸምድደን፣ በወረቀት ላይ ጽፈን፣ ማርክ አግኝተንበታል። ይሁንና ትምህርት የምንለው ጠመኔ በያዝንበት ሰዓት ያለውን ብቻ ነበር። ጠመኔውን አስቀምጠን እግራችንን ዘርግተን ስንቀመጥ ክፍለ ጊዜው ያለቀ ይመስለን ነበር። ለካ ልጆቹ ጆሯቸውን ይበልጥ የሚከፍቱት ያኔ ነው። በክፍል ውስጥ የምንናገረው መሥሪያችን መሆኑን ያውቃሉ፤ በቡና ላይ የምንናገረው ግን ልባችን ነው ብለው ያምናሉ። አልተሳሳቱም።

በማግስቱ በጭቃው ቤት ውስጥ ሥዕሉን እንደገና አየነው። በዚህ ጊዜ ያየነው ሳቁን ነበር። ሰውዬው ልጁን አይጠላውም፤ ይወደዋል። በግድ አላስጨበጠውም፤ ሲጫወት ነው። ልጁም ፒፓውን የተቀበለው ትምባሆው ጣፍጦት ሳይሆን አባቱ ስለሳቀለት ነው። ክፋት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚሻገረው ሁልጊዜ በቁጣና በዱላ አይደለም፤ በፍቅርና በጨዋታም ይሻገራል። ልጅ የሚወደውን ሰው ነውና የሚመስለው። በዚያ ቤት ክፉውን ለይተን ማግኘት ያቃተንም ለዚህ ነው። ክፉ ነው ተብሎ በምልክት የተለየ ሰው የለም። እኛም በቡናው ዙሪያ እንዲሁ ነበርን።

ያን ስቴን ራሱን እዚያ ውስጥ ማስቀመጡ አሁን ትርጉም ሰጠን። ሥዕሉን በሠራባቸው በእነዚያ ዓመታት ቤቱ ሳቅ ብቻ አልነበረም፤ በ1669 ሚስቱ ሞታበታለች። ከዚያም በ1672 ጦርነት በሆላንድ ላይ መጣና የሥዕል ገበያው ወደቀ፤ እሱም በላይደን በቤቱ መሸታ ቤት ከፈተ። በ1679 ሞተ። በአገሩ ሰዎች ቋንቋ እስከ ዛሬ የተዝረከረከና ሁካታ የበዛበት ቤት «የያን ስቴን ቤት» ይባላል። በስሙ የተረፈው ቀልድ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሌሎችን በንቀት ለማስተማር አልተነሣም። «እኔም ይህን እሠራለሁ፤ ስሠራም እስቃለሁ» ብሎ ፊቱን ሰጠ። ጥቁር ካፖርት የሚለብሱት አባት ያሉን ይህንኑ ነበር።

እንግዲህ ምን አደረጋችሁ ብትሉን፣ ትልቅ ነገር አላደረግንም። በመጀመሪያ ልጁን ጠርተን «ያን ቃል የተናገርነው እኛ ነን፤ ተሳስተናል» አልነው። መምህር ለሦስተኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ ሲል ጉሮሮ ይይዛል። ልጁ ግራ ገባው፤ ተሳስተናል ከምንለው ይልቅ የዚያን ምሽት ሳቃችንን ያመነ መሰለን። ወደ ልጅቱ ቤተሰብም ሄድን። አባቷ ሻይ አቀረቡልን፤ «ልጆች ናቸው» ብለው ነገሩን አሳነሱት። እኛ ግን ልጆች ብቻ እንዳልነበሩ ነገርናቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም «በእኛም ቤት የሚባል አይጠፋም» አሉን። ከዚህ በላይ አልተነጋገርንም።

ሁለተኛ፣ ቡናችንን አልተውንም። የስደት ኑሮ ያለ ቡና እንዴት ይገፋል? ዕረፍትን ማጥፋት መፍትሔ እንዳልሆነ ሥዕሉም ያስተምራል፤ ጥፋቱ ማዜሙ ሳይሆን የሚዜመው ነውና። የአገር ቤት ወሬ ሲመጣ እናዝናለን፤ እንናደዳለንም። ነገር ግን ከኋላችን ንፍሮ የሚቅም እንዳለ እትዬ በጀበናቸው ክዳን ያስታውሱናል፤ አንድ ጊዜ ካንኳኩ በቃ፣ አነጋገር ይታረማል። አንዳንድ ምሽት ሦስት አራት ጊዜ ያንኳኳሉ።

ሦስተኛ፣ ወደ ግራሩ ሥር ወርደን ዳማ ተማርን። እስከዚያ ቀን ድረስ ከሩቅ ቆመን «ሥራ ፈቶች» ስንላቸው የነበሩት ሰዎች ከየት ከየት እንደመጡ እንኳ አላስተዋልንም ነበር። ከጥቁር ካፖርቱ አባት ፊት ለፊት ተቀምጠው በየቀኑ የሚጫወቱት ሰው ከዚያችው ልጅ አካባቢ የመጡ ናቸው። ይህን ስንነግራቸው አባባ «እዚህ የሚጣላው ቆርኪ ብቻ ነው» አሉን። ልጆቻችንን እንዳያበላሹ ስንፈራቸው የነበሩት ሽማግሎች፣ እኛ በክፍል ውስጥ በቃል ብቻ ያስተማርነውን በካርቶን ላይ ሲያሳዩአቸው ኖረዋል። ሳሙናው ግን እስከ ዛሬ አልቀረም፤ በዚህ ረገድ ወቀሳችንን አላነሣንም። አሁን ግን ስንወቅስ ከገበታው አጠገብ ተቀምጠን ነው፤ ከመካከላችንም አንዱ ሁለት ሳሙና ተበልቷል።

ልጁና ልጅቱስ? ታረቁ ብለን ጽፈን ብንዘጋ ደስ ባለን። እውነቱ ግን ገና ነው። እሷ በመጀመሪያው አግዳሚ፣ እሱ በመጨረሻው ይቀመጣሉ። ባለፈው ማክሰኞ እርሳሱ ተሰበረበትና ወደ ፊት አየ፤ ከዚያ ዓይኑን መልሶ በጣቱ አሸዋ ላይ ጻፈ። እሷም አይታዋለች። አንድ ቃል በአንድ ምሽት ሳቅ ገብቶ ለመውጣት ይህን ያህል ጊዜ ይፈጃል።

ሥዕሉ ከፀሐይና ከአቧራ የተነሣ እየደበዘዘ ነው። በቀቀኗ ከግድግዳው ጭቃ ጋር ተመሳስላለች። የሰውዬው ሳቅ ግን ገና ይታያል። በጭቃ ቤቱ በኩል ስታልፉ ገብታችሁ እዩት፤ በሩ ቁልፍ የለውም። አይታችሁም በየቤታችሁ ማታ ምን እንደሚዜም ብትጽፉልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም።

ቸር ያሰንብተን።